አባቷን የምታይ ልጅ

በዚያ ሰፈር ልጁን ፎቶ ማስነሳት የፈለገ ወላጅ ሌላ ቤት አይሄድም። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ለልጆች እጁ ወርቅ ነው ይባልለታል። እሱ ደግሞ ሲያሞግሱት «እኔ ምን አደረግሁ? የብርሃኑ ሥራ ነው» ይላል፤ ትሕትና ይመስላቸዋል። ትሕትና አልነበረም፣ ከልቡ ያመነበት ነገር ነው።

ልጅ ሲመጣለት መጀመሪያ የክፍሉን መብራት ያጠፋል፤ አምፖል ከቀን ብርሃን ጋር ሲደባለቅ የልጅ ጉንጭ ያገረጣል። ትልቁን መስኮት በስስ ነጭ መጋረጃ ይሸፍናል። በርጩማዋን ከመስኮቱ ትንሽ አርቆ ያስቀምጥና በጥላው በኩል ብርሃን የሚመልስ ነጭ ካርቶን ያቆማል። ከዚያ ዓይኑ ከልጁ ዓይን ትይዩ እስኪሆን ይንበረከካል። «ሳቅ» ብሎ አያስጨንቅም። እናትየዋን ወይም አባትየውን መስኮቱ አጠገብ ያቆማል፤ ልጁ ወደነሱ ሲዞር ፊቱን ብርሃን ይሞላዋል፣ ያኔ ያነሳዋል።

የሌላ ሰው ልጅ ሲያነሳ የኖረው ሰው የገዛ ልጁ አንዲት ደህና ፎቶ አልነበረችውም። ከእናቷ ጋር የተለያዩት ልጅቷ ገና መዳህ ሳትጀምር ነው፤ አቅፎ ያሳደጋት እንጀራ አባቷ፣ ሾፌሩ ነው። አሁን ሾፌሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሰኞ ቤተሰቡን ይዞ ሊሄድ ነው። ፎቶ አንሺው ይህን እንደሰማ ዓይኑን በጨው አጥቦ ለቀድሞ ሚስቱ ደወለ።

«አንድ ጠዋት ብቻ ስጪኝ» አላት። «እኔን እያየች የምትስቅባት አንዲት ፎቶ ላስቀር። ሌላ አልጠይቅሽም።»

ሴትየዋ «እሺ፣ አባቷ ያመጣታል» አለችው። «አባቷ» ያለችው ሾፌሩን ነው፤ ግን በምን አፉ ይከራከራል?

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ሾፌሩ ግዙፍ ሰው ነው፣ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። «እንዴት አደርክ ወንድሜ» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው። ምነው በተጀነነ፣ ምነው በተኮሳተረ፤ የሚጠሉትን ሰው የሚጠሉበት ሰበብ ማጣት ክፉ ነገር ነው። ልጅቷ የሾፌሩን ሱሪ ይዛ ከኋላው ቆማለች።

«ሰላም በያቸው እንጂ» አላት ሾፌሩ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ» አለች።

ፎቶ አንሺው ሾፌሩን በሩ አጠገብ፣ ጨለማው ጥግ ውስጥ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ልጅቷን በርጩማዋ ላይ አውጥቶ፣ ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አስሮ መስኮቱ ዘንድ አቆመና ራሱ ከጎኑ ቆመ። የአባት ቦታ እዚያ ነው፤ አባትየው ደግሞ እሱ ነው።

«የኔ ቆንጆ፣ እዚህ እይ፣ እኔ ጋ።»

አየችው፣ መርፌ ሊወጋት የመጣ ሐኪም እንደምታይ ሆና። አነሳት። አፏጨ፣ እንደ ድመት ጮኸ፣ ጆሮውን ይዞ አወዛወዘ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ አላሳፈረችውም፤ ለእንግዳ የሚሆን ያህል ጥርሷን አሳየችውና መልሳ ወደ ጥጉ ዞረች። ያን ጊዜ ግማሽ ፊቷ ጨለመ። መጋረጃውን ሰበሰበ፣ መልሶ ዘረጋ፣ ካርቶኑን አስጠጋ፣ አራቀ። ብርሃኑ ምንም እንከን አልነበረበትም። አንዲት እንከን ቢያገኝበት እንዴት በተገላገለ።

«አባዬ፣ አላለቀም?» አለች ወደ ጥጉ።

«ትንሽ ነው የኔ ልጅ» አላት ሾፌሩ። ከዚያ ለፎቶ አንሺው አዝኖ «ካስቸገረችህ ለሌላ ጊዜ እናድርገው» አለው። ሌላ ጊዜ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

ፎቶ አንሺው ምን ማድረግ እንዳለበት ያወቀው አሁን አይደለም። ልጅቷ የሾፌሩን ሱሪ ይዛ ስትገባ ነው ያወቀው፤ ልቡ እምቢ ብሎት ነው እንጂ።

«ና እስቲ» አለው ሾፌሩን። «እኔ የቆምኩበት ቁም። ምንም አትናገር፣ ዝም ብለህ ቁም።»

ሾፌሩ ግራ እንደተጋባ መጥቶ ቆመ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ልጅቷ በዓይኗ ተከትላው ዞረች። ግንባሯና ጉንጯ ፈካ፣ ብሌኗ ውስጥ መስኮቱ ቦግ አለ። የዚያን ትልቅ ሰው መደናገር አይታ ማንም ሳቂ ሳይላት ከት ብላ ሳቀች። አባትየው ከካሜራው ኋላ ተንበረከከ። ከዚያ አነሳት።

እንደዚያች ያለች ፎቶ በዕድሜው አንስቶ አያውቅም። ሾፌሩ አይቶ «እጅህ ይባረክ» አለው፣ ከልቡ። አንድ አትሞ ሰጣቸውና ሄዱ።

ለራሱም አንድ አተመ። ቤቱ ወስዶ አልጋው ፊት ለፊት ሰቀላት። እኔን እያየች ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞከረ፤ ዓይኗ ግን አልፎት ይሄዳል፣ የትም ቢቆም አያገኘውም። ሳምንት ሳይሞላት አወረዳትና ፎቶ ቤቱ አምጥቶ ከደንበኞቹ ልጆች ፎቶ መሐል አደረጋት።

አንድ ቀን ሕፃን የታቀፈች ሴት ተራዋን ስትጠብቅ ፎቶዋን አየችና ዓይኗን መንቀል አቃታት።

«ስታምር። የማን ልጅ ናት?»

«የደንበኛ ናት» አላት።

«ሳቋ ደስ ይላል። ምን ብለው ነው እንዲህ ያሳቋት?»

«እኔ ምንም አላልኳትም እመቤት» አለ ፎቶ አንሺው፣ መጋረጃውን እየዘረጋ። «አባቷን እያየች ነው።»