የማዕዘኑ ቋሚ

ባዘዘው ዓይኑን ሊታከም ደብረ ማርቆስ ሲሄድ የአጥሩን ሥራ ለይስማው አደራ ሰጥቶ ነበር። የሁለቱ መሬት ጎን ለጎን ነው፤ የባዘዘው ሣር፣ የይስማው ድንች። የባዘዘው ላሞች ድንቹ ውስጥ እየገቡ ሲያስቸግሩ የእሾህ ሽቦ በጋራ ከይጁቤ ከተማ ገዙ። ይስማው የባዘዘውን ልጅ ክርስትና ስላነሣ አበልጅ ናቸው። ወሰኑን ታውቀዋለህ፣ ሌላ የምነግርህ የለም ብሎት ነው ባዘዘው የሄደው።

ይስማው ለእንጨቱ ተጠነቀቀ። ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ ነው፤ ምስጥ ግን ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ ከፈረሰው የአባቱ ቤት የጽድ ምሰሶዎችን አወጣ። ጠማማውንና የተሰነጠቀውን ለማገዶ ለየ። የቀረውን እያንኳኳ መረጠ፤ ውስጡ የበሰበሰ እንጨት ድምፁ የታፈነ ነው። አፈር የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለበለበው። ወፍራሙን ለማዕዘን አስቀመጠ፤ ሽቦው ሲወጠር ጭነቱ እሱ ላይ ነው።

የማዕዘኑን ጉድጓድ ሲቆፍር ድጅኖው ድንጋይ መታ። ጎኑን ሞከረ፤ ያም ድንጋይ ነው። ወደ ራሱ ድንች ፈቀቅ ማለት ይችል ነበር። ፈቀቅ ያለው ግን ወደ ሣሩ ነው። እዚያ አፈሩ ለስላሳ ነበር።

የወሰን ገመድ አንድ ሰው ብቻውን አይወጥረውም። ሁለቱ ባለመሬቶች ጫፍና ጫፉን ይይዙታል። ይስማው አንዱን ጫፍ ቋሚው ላይ አስሮ ሌላውን ራሱ ያዘ። የቀሩት ቋሚዎች ያን ገመድ ተከተሉ። ወደ ማዕዘኑ እየሰፋ የሚሄድ የሣር ቁራጭ ከድንቹ ወገን ቀረ።

ሚስቱ ሥራነሽ ምሳ ይዛ መጣችና ቆማ አየች።

«ድንጋይ እኮ ነው» አላት።

«እኔ ምን አልሁህ?» አለችው። ምሳውን አስቀምጣ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ከሚገባው በላይ አሳመረው። በየጉድጓዱ ጠጠር እየጨመረ ጠቀጠቀ። ለማዕዘኑ ድጋፍ አቆመለት። ድንቹን ሲኮተኩት ግን ያቺን ቁራጭ አይነካትም፤ እዚያ ሲደርስ ፊቱን ያዞራል። ሣሩ ብቻውን አደገ።

ባዘዘው አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ፣ ሌላውም ገና ደብዛዛ ሆኖ ተመለሰ። አጥሩን ላየው አለ፤ ያየውም በእጁ ነው። ቋሚዎቹን አንድ በአንድ እየነቀነቀ ሄደ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ጠጋ ብሎ አሸተተው።

«ጽድ! የኔ ላሞች በባሕር ዛፍ በረት ያድራሉ፤ አንተ ለድንችህ ቤተ መንግሥት ሠራህለት፣ አበልጄ።»

ይስማው አልሳቀም። ፋሻው በቅርቡ ይነሣል። ያን ጊዜ ባዘዘው በዓይኑ ያየዋል። ዛሬ ቢናገር፣ የሚናገረው ያን ጊዜ እንዳይጋለጥ ፈርቶ ነው፤ ይህንንም ራሱ ያውቃል። ዝም ቢል ደግሞ ከማያይ ሰው ምርቃት መቀበል ነው። ባዘዘው መመረቅ ጀምሮ ነበር።

«አትመርቀኝ» አለ ይስማው። «ማዕዘኑ ያንተ መሬት ላይ ነው።»

ባዘዘው እጁን ከቋሚው አላነሣም።

«ተሳስተህ ነው?»

«አይደለም። ወሰኑ ላይ ድንጋይ አገኘሁ። ወደ እኔ ማምጣት እችል ነበር።»

ባዘዘው ስለ ሆስፒታሉ አወራ። በሽተኛው ሁሉ ስለ ቤቱና ስለ ከብቱ ሲጨነቅ እሱ አልተጨነቀም ነበር። «‹አበልጄ አለ› እያልሁ ነበር የምተኛው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ይስማው ድጅኖውን አምጥቶ፣ ሽቦውን ፈትቶ ቋሚውን ነቀለ። ከዚያ ወደ ድንቹ ገባ ብሎ፣ ከወሰኑ አልፎ፣ በራሱ መሬት ላይ መቆፈር ጀመረ። ባዘዘው የድጅኖውን ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ሰምቶ አስቆመው።

«ያንተን አልጠየቅሁም። ወሰኑ ላይ አቁመው።»

ድንጋዩን መፍለጥ ግድ ሆነ። ይስማው ሲመታው ዋለ። ባዘዘው የገመዱን ጫፍ ይዞ ከወዲያ ማዶ ቆመ፤ ቋሚው እስኪገባ አልተቀመጠም። የቀሩት ቋሚዎች ለነገ ቆዩ።

ሊመሽ ሲል ሥራነሽ ባዘዘውን እራት እንዲቀምስ ለመነችው። ዓይኔ ጭስ አይፈቀድለትም አላት። ደጅ ላይ ላውጣልህ አለችው። አይ፣ ይመሽብኛል ብሎ ዱላውን ይዞ ሄደ። ይስማው ባዘዘው ቤቱ እስኪገባ ድረስ ከሩቅ ተከተለው፤ ኮቴው እንዳይሰማ ሣር ሣሩን እየረገጠ።