የእትዬ ሊላ ጎቱኮላ

ምግብ አብሳይዋ ካንቲ ጎቱኮላ የሚባለውን ቅጠል ከትፋ ሳትጨርስ የጤና ተቆጣጣሪው በትምህርት ቤቱ ኩሽና በር ገባ። ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ፣ ከቅርጫቱ ያልታጠበ፣ ከሳፋው ደግሞ የታጠበ ቅጠል አንስቶ ለየብቻ በላስቲክ ቋጠረ። የምርመራው ውጤት እስኪታወቅ ቅጠሉ እንዳይቀርብ ስላዘዘ፣ ያን ቀን ልጆቹ ሩዝና ምስር ብቻ በሉ።

ነገሩ የተነሳው በሦስተኛ ክፍሏ ሴኑሊ ነበር። ሆዷን እየያዘች ከክፍል መውጣት አበዛች፤ አንድ ጠዋት ደግሞ ስታስመልስ ትል ወጣ። ሌሎቹም ሲመረመሩ ከክፍሉ ልጆች ግማሽ ያህሉ ትል ተገኘባቸው። ካንቲ ይህን ስትሰማ ስለ ጎቱኮላው ማሰብ አልፈለገችም። የምትመሰገንበት እሱ ነበርና። ያንን ክብ ክብ ቅጠል አድቅቃ ከትፋ፣ በጥሬው ከተፋቀ ኮኮናት፣ ከሽንኩርትና ከሎሚ ጋር ስታሸው ልጆቹ ሳህናቸውን ይልሱ ነበር።

ቅጠሉን የምታመጣው ደግሞ የባሏ የፕያሲሪ ታላቅ እህት ሊላ ናት። እናታቸው ፕያሲሪ ገና ልጅ ሳለ ስትሞት፣ ሊላ ሳታገባ ቀርታ፣ ከከተማው ግርጌ ባለው ረግረግ ጎቱኮላ እየለቀመች እሱን አሳደገች። ለትምህርት ቤቱ እንድታቀርብ ያስፈቀደችላት ራሷ ካንቲ ነበረች።

ተቆጣጣሪው በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ካልታጠበው ቅጠል ላይ በዓይን የማይታይ የትል እንቁላል ተገኝቷል፤ ከታጠበውም ላይ እንዲሁ። ካንቲን እንዴት እንደምታጥብ አሳዪኝ አላት። ውሃ ከጉድጓድ በባልዲ ስለሚቀዳ፣ ሁሉንም ቅጠል ባንድ ሳፋ፣ ባንድ ውሃ ነበር የምታጥበው። ከአንዱ ቅጠል የለቀቀው ሌላው ላይ እንደሚጣበቅ አስረዳት። ቅጠል በቅጠል በሚፈስ ውሃ ማጠብ ይቀንሰዋል፤ የሚታመነው ግን እሳት ብቻ ነው። ርዕሰ መምህርቷም ከእንግዲህ ጥሬ ቅጠል ከዚህ ኩሽና አይወጣም አሉ። ለሻጯ ማን ይንገራት ሲባል ሁሉም ወደ ካንቲ ዞረ።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ረግረጉ ወረደች። ሊላ እስከ ቅልጥሟ ውሃ ውስጥ ቆማ ታጭዳለች። ካለፈው ዓመት ጎርፍ ወዲህ ከላይ ያሉት ቤቶች የመጸዳጃ ጉድጓድ ተንዶ፣ ጥቁር ውሃ በአጥራቸው ግንብ ስር እየሾለከ ረግረጉን ወደሚመግበው ቦይ ይገባል።

"ይሄን አይተውታል፣ እትዬ?"

"ቆሜ የምውልበትን ቦይ አንቺ ልታሳዪኝ ነው? ለማዘጋጃ ቤቱ ተናግሬ ተናግሬ አፌ ደክሟል። እኔ ነኝ የናድኩት?"

"እርስዎ አይደሉም። ግን ልጆቹ እየታመሙ ነው።"

"ፕያሲሪን ያሳደግኩት በዚህ ቅጠል ነው። ትል በልቶት ነው ያን ሁሉ ቦርጭ ያወጣው?"

ካንቲ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። "ያኔ ቦዩ ንጹህ ነበር፣ እትዬ" አለች። ሊላ ወደ አጨዳዋ ዞረች።

ፕያሲሪ ማታ ባጃጁን አቁሞ ሲገባ ወሬው ቀድሞት ነበር። አልጮኸባትም። እሷ እናቴ ናት፣ የፈለግሽውን አድርጊ፣ በሰው ፊት ብቻ አታዋርጃት አላት። ገበያ ላይ ግን ነገሩ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ሴቶች የሊላን መደብ እያለፉ ከሌላ ሰው መግዛት ጀመሩ።

የትል መድኃኒት የሚታደልበት ቀን እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰቡ። ሊላ የበዓል ልብሷን ለብሳ፣ ቅርጫቷን አንጠልጥላ መጣች፤ ኩሽናው በር ላይ ቆመችና ከቅርጫቱ አንድ ጭብጥ አውጥታ፣ ሁሉም እያያት፣ አኝካ ዋጠች። ከዚያ ሌላ ጭብጥ ለካንቲ ዘረጋችላት።

"ብዪ። ከተዳርሽ ጀምሮ ከእጄ ስትበዪ ኖረሻል።"

የሴኑሊ እናት ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። ካንቲ ብትበላ ሊላ ስሟ ይታደሳል፤ ግን እነዚህ ሁሉ እናቶች ነገ ያንኑ ቅጠል በጥሬው ለልጆቻቸው ያቀርባሉ። አልበላም ብትል ደግሞ የባሏን ዘመድ ደጅ ዳግመኛ አትረግጥም። ከኋላዋ ለምስሩ የጣደችው ሽንኩርት ይንጫጫል።

ቅጠሉን በሁለት እጇ ተቀበለች። ባልዲውን ዘንበል አድርጋ በሚፈሰው ውሃ አጠበችውና ድስቱ ውስጥ ጨመረችው።

"ጥፋቱ የእትዬ ብቻ አይደለም" አለች፣ ወደ እናቶቹ ዞራ እያማሰለች። "ታጥቧል እያልኩ ባንድ ሳፋ ውሃ ሳነካካው የኖርኩት እኔ ነኝ። የተናደው ጉድጓድ ተጠግኖ ቦዩ እስኪጸዳም ይህ ቅጠል ሳይበስል አይበላም። ቤታችሁም ቢሆን።"

ቅጠሉ ሲበስል በሳህን አወጣችው፤ ትኩሱን በጣቶቿ ዘግና ጎረሰች፤ ሳህኑን ለሊላ አቀረበችላት።

"ቅርጫቱን ይስጡኝ፣ እትዬ። የዛሬውን ለልጆቹ አበስለዋለሁ።"

ሊላ ሳህኑን ተቀበለች። ጥቂት ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያም ቅርጫቱን ከክንዷ አውልቃ ደፉ ላይ አኖረችው።

"ጨው ጎድሎታል" አለች።