የቢራራ ሁለት ተራ

ቢራራ ለሦስተኛ ሳምንት ስሙን ከዝርዝሩ ግርጌ ሲያገኘው፣ የትናየት በደባርቅ ከተማ ጠላት ለማፍራት ሌላ ድካም አላስፈለጋትም።

የትናየት የበቅሎ አከራዮች ማኅበር ጸሐፊ ናት። በ2008 መስከረም ወር ላይ አንድ ቱሪስት የማስታወሻ ፕሮግራም በፍላሽ ትቶላት ሄደ፤ የግል ዊኪ ይሉታል። እያንዳንዱ ባለበቅሎ እዚያ ውስጥ የራሱ ገጽ አለው፤ ገጹ ላይ «ጭነት» ወይም «ኮርቻ» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል። ፊልተር የሚባል አንድ መስመር ሲጻፍለት ፕሮግራሙ ገጾቹን መርጦ በየምልክቱ በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ይደረድራል። የእሷ ፊልተር የሚያዘው ቀላል ነገር ነው፤ ድንኳንና ስንቅ ቀድሞ ስለሚወጣ መጀመሪያ የጭነቶቹን አምጣ፣ ከኋላቸው የኮርቻዎቹን ቀጥል። ጠዋት ጠዋት ዝርዝሩን አትማ በሩ ላይ ትለጥፋለች። ከላይ ያለው ቱሪስት ይዞ ወደ ተራራው ወደ ቡይት ራስ ይወጣል፣ ከታች ያለው የበቅሎውን ዝንብ እሽ ሲል ይውላል።

ቢራራ በጭነት ተራ አንደኛ ነበር። የምዝገባው ዕለት ቄሱ ቅዳሴ ሳይገቡ በሩ ላይ ቆሞ ስለነበር ይህን የማያውቅ የለም። ታዲያ ለምን ግርጌ ወረደ ሲሉት መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ለልጄ አላጋባትም ስላልኩ ቂም ይዛ ነው!»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚዋሸው። ሽማግሌ የላከው እሱ፣ እምቢ ያለችው እሷ። ልጁን ያየ ሰው ደግሞ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ሐሙስ ዕለት ሊቀመንበሩ አቶ ደርቤ አስጠሯት። «ቅዳሜ ስብሰባ አለ። ሰዉ የድሮው የተራ ደብተር ይመለስ፣ ጸሐፊዋም ትቀየር እያለ ነው። ምክንያቱን ካላስረዳሽ እኔም አላድንሽም።»

የትናየት ተናደደች፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ኀፍረቱ አቃጠላት። አባቷ ዳባት የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። «የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ልጅ በተራ አድልታ ተባረረች» የሚለው ወሬ ከአውቶቡሱ ቀድሞ እንደሚደርሳቸው ታውቃለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ብቻ አይጡን ገና አላገኘችውም።

ቢሮዋን ዘግታ ፊልተሩን መረመረችው። ጭነትን ብቻ ስትጠይቀው ቢራራ አንደኛ። ኮርቻን ብቻ ስትጠይቀው፣ ኧረ ጉድ፣ ቢራራ መጨረሻ! የምዝገባውን ቀን ብታየው እሷ ለበዓል ዳባት የሄደችበት ነው፤ ቢራራ ተክቷት የዋለውን ክንዴን አግባብቶ አንዲቷን በቅሎውን ሁለቱም ላይ አስመዝግቧታል።

ሁለት ጊዜ የተጻፈ ሰው ሁለት ጊዜ ይውጣ እንጂ ስለ ምን ወደ ኋላ ይሄዳል? ለሙከራ አዲስ ገጽ ከፈተችና ምሳ ስላልበላች የመጣላትን ጻፈች። «ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን» አለች፤ ከኋላው «ድንች፣ ሽሮ» ጨመረችበት። ፊልተሩ የመለሰላት ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ሽሮ ነው። አንዱን ስም ሁለቴ አይጽፍም ማለት ነው፤ ዳግመኛ ሲመጣበት የፊተኛውን ነቅሎ ከኋላ ይተክለዋል። የትናየት ብቻዋን እስኪያስለቅሳት ሳቀች።

ቅዳሜ ግቢው በሰው ሲሞላ ኮምፒውተሩን ሳትይዝ ወጣች። ስለ ፊልተር ብትሰብክ ማን ይሰማታል?

«እስቲ የጭነቶቹ ተሰለፉልኝ» አለች። ቢራራ ሰው ገፍቶ ከፊት ቆመ።

«አሁን ክንዴ የኮርቻዎቹን ስም ይጥራ፤ የተጠራ ከሰልፉ ኋላ ይቀጥል።»

ክንዴ ጠራ፣ ጠራና መጨረሻ ላይ አንገቱን ደፍቶ «ቢራራ» አለ።

ቢራራ ዱላውን ብድግ አድርጎ ወደ ኋላ ሮጠ። የሰልፉ ጅራት ላይ ደርሶ ዞር ሲል፣ የለቀቀው ቦታ ላይ ከጀርባው የነበረው ባለበቅሎ አለነ ተደላድሎ ቆሟል።

«አያ ቢራራ፣ ከፊት ማን አስነሣዎት?» አለች የትናየት።

«ስሜ ተጠራ እንጅ ማን ያስነሣኛል!»

«ኮምፒውተሩም ያደረገዎት ይኼንኑ ነው። ሁለቴ ስለተመዘገቡ ከኋለኛው ቦታዎ ላይ አቆመዎት።»

«ከሁለት ያጣ ጎመን!» አለ አንዱ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ደርቤም ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው የጸሐፊዋን ጉዳይ ከአጀንዳው ሰረዙ።

ቢራራ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። «ታዲያ ይኸ የፈረንጅ መላ አንዱን ሰው ሁለት ቦታ የሚያቆምበት ዘዴ የለውም? ንገሪኝ እንጅ አንች!»

ሳቁ ቆመ። ሠላሳ ባለበቅሎ አፏን አፏን ያያል፤ ሊቀመንበሩም ጭምር።

ዘዴውማ አለ። ከትእዛዙ ፊት አንዲት የእኩል ምልክት ብትጨምር ስሙ ሁለቱም ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ በአንዲት በቅሎም ሁለት ተራ ይወስዳል፤ ሐሙስ ዕለት ከፕሮግራሙ መመሪያ አንብባዋለች።

«የለውም» አለች የትናየት።

«እጄ የለበትም» ብላ እውነቱን ስትናገር ሦስት ሳምንት ያላመናት ጉባኤ፣ ይህችን ውሸት ያለ አንድ ተቃውሞ ተቀብሎ ወደ በቅሎው ተበተነ።