ርዕሱ የሌለበት ጥያቄ

የእህቴ ልጅ ሒሳብ የምትሠራው በአፏ ነው። ዝም ብሎ ማሰብ አይሆንላትም፤ ከንፈሯ ካልተንቀሳቀሰ እጇም አይጽፍ። እኔ ደግሞ መስማት አይሰለቸኝም። በምሠራበት ላውንደሪ የኋላ ክፍል ካውያዬን ይዤ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ፣ እሷ ከፎጣው ክምር አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስታነበንብ ትውላለች። እኔ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ጀርባ፤ እሷ ኤክስ፣ ዋይ፣ ደግሞ ኤክስ። እንዲህ እያልን ነው ወራቱን የገፋነው።

እናቷ ካረፈች ወዲህ እኔው ጋ ነች። አዋላጅ መሆን ነው የምትፈልገው፤ ሌላ ሥራ ሲነሳባት ጆሮ የላትም። የአዋላጆች ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ደግሞ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው። አምና ተፈትና ወደቀች። የጣላት ሒሳቡ ነው፣ ከሒሳቡም ፈንክሽን የሚሉት። የዘንድሮው ሁለተኛዋ ነው፤ ከዚህ በኋላ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ መላ ዘየደች። ከዚያው ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት የድሮ ፈተናዎችን በዓመታቸው ሳይሆን በርዕስ በርዕሳቸው ለይቶ ይሸጣል። የፈንክሽኑን ጥራዝ ገዛች። ጥራዝ ይባል እንጂ በክሊፕ የተያዘ ልቅ ወረቀት ነው። መጀመሪያ ዶሜይን፣ ቀጥሎ ሬንጅ፣ ከዚያ ኮምፖዚሽን፣ መጨረሻ ኢንቨርስ። ርዕሱ በወፍራም ፊደል በየክፍሉ መጀመሪያ ገጽ አናት ላይ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ ብቻ ነው።

እኔ በትምህርት ሩቅ አልሄድኩም። ያለችኝን ፊደል ከጸሎት መጽሐፍና ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው የለቃቀምኳት። እሷ ስታስረዳኝ ግን ገባኝ። ፈንክሽን እንደ ማሽን ነው አለችኝ፤ በአንድ በኩል ቁጥር ይገባል፣ በሌላው በኩል ቁጥር ይወጣል፣ ለገባው ለእያንዳንዱ አንድ ብቻ ይወጣለታል። እንደኛ ማጠቢያ ነዋ አልኳት።

"የእናንተ ማሽንማ ሁለት ካልሲ ገብቶ አንድ ነው የሚወጣው" አለችኝ። "እሱ ፈንክሽን አይደለም፣ ጋሼ። ሌባ ነው።"

ዶሜይን ማሽኑ ውስጥ መግባት የሚችለው ቁጥር ነው፣ ሬንጅ የሚወጣው፣ ኮምፖዚሽን ከአንዱ ማሽን የወጣውን ሌላው ውስጥ መክተት። ኢንቨርስ ደግሞ ወደኋላ መመለስ ነው፤ የወጣውን ይዞ የገባውን መፈለግ።

የላውንደሪው ባለቤት በተበጠሰ ቁልፍ ከደንበኛ ሁሉ ጋር ስለምትጣላ እትዬ ቁልፍ ነው የምንላት። በአጠገባችን ባለፈች ቁጥር ሳትለክፋት አታልፍም። ይሄ ኤክስ የሚባለው ሰውዬ ዛሬም አልተገኘም ወይ ትላታለች። ልጅቷም ትናንት ተገኝቶ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ጠፋ ትላለች። እንዲህ የሚያቀልዳት ልቧ ስለሞላ ነው። መልሱ ከጥራዙ ኋላ ስላለ እሷ ስትሠራ እኔ አመሳክርላታለሁ፤ አንድም አትስትም። ልክ ነሽ ባልኳት ቁጥር በልቤ ተመስገን እያልኩ ካውያዬን እገፋለሁ።

ለፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ሙቀቱ በረታና እትዬ ቁልፍ ትልቁን ማራገቢያ ወደኛ አዞረችው። ክሊፑ ላልቶ ኖሯል። ወረቀቱ ተነስቶ ክፍሉን ሞላው፤ ከማሽን ሥር፣ ከተሰቀለው ኮት ሥር፣ አንዱማ እርጥብ አንሶላ ላይ ሄዶ ተለጠፈ። ልጅቷ ፎጣ እያጠፈችልኝ እጇ ስላልተፈታ የለቃቀምኩት እኔ ነኝ። ጊዜዋ እንዳይባክን ብዬም እጄ የገባውን ገጽ ማንበብ ጀመርኩላት። ኤፍ ኦፍ ኤክስ ማለት ሦስት ኤክስ ሲቀነስ አምስት ነው ይላል። የኤፍ ግራፍ ሀ እና አሥራ ስድስት በተባለው ነጥብ ላይ ካለፈ፣ ሀ ስንት ነው?

ፎጣውን ማጠፍ አቆመች። ከንፈሯም ቆመ።

"ከየትኛው ነው?" አለችኝ።

"ከየትኛው ምን?"

"ርዕሱ። ኮምፖዚሽን ነው? ኢንቨርስ ነው?"

ገጹን ገለባበጥኩት። ከጥያቄና ከገጽ ቁጥር በቀር የተጻፈበት ነገር አልነበረም፤ አልኳትም። ፎጣውን አስቀመጠችና በጣቷ ጭኗ ላይ ጻፈች። አሥራ ስድስትን በሦስት አባዛች፣ አምስት ቀነሰች፣ አርባ ሦስት አለች። ከለቃቀምኩት መሀል የመልሱን ገጽ ፈልጌ ሳይ ሰባት ነው። አለመሆኑን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። የገጹን ቁጥር አይቼ ከኢንቨርሱ ሳይሆን አይቀርም ከማለቴ፣ ቃሉን ሳልጨርሰው፣ ሰባት ብላ መለሰችልኝ። አሥራ ስድስት የወጣው ነው እንጂ የገባው አይደለም፣ አምስት ጨምሬ ለሦስት አካፍላለሁ አለች። እንደ ውሃ ወረደላት።

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ ገለባበጠችው። 

"ጋሼ" አለች፣ "ፈተናው ላይ ርዕስ አይጻፍም።"

ያን ሁሉ ወር ልክ ነሽ ስላት የኖርኩት ርዕሱን ቀድማ እያየች ስለምትሠራ ነበር። ልጅቷ ጥያቄውን ታውቀዋለች፤ የምታውቀው ግን ስሙ ሲጠራላት ነው። ስሙ ከተሰወረባት እንደማታውቀው ሰው ታየዋለች። እንግዲያው እንደተደባለቀ እንሥራው አልኳት። እሺ ብላ ሞከረች። አንዱን አገኘች፣ ሌላውን ሳተች፣ የሚቀጥለውን ጀምራ ተወችው። ከዚያ ከማታውቀው አልፋ የምታውቀውንም መጠራጠር ጀመረች። ዶሜይኑን ኢንቨርስ ነው ትላለች፣ መልሳ አይደለም ትላለች፣ የጻፈችውን ትሰርዛለች።

"መልስልኝ" አለችኝ። "እንደነበረ አድርገህ ደርድርልኝ። እባክህ።"

ምን ማድረግ እችል ነበር? አስተማሪ አይደለሁ። በሁለት ቀን የማይገነባውን አፍርሼ ባዶ እጇን ከምልካት፣ ቢያንስ እንቅልፍ ይውሰዳት ብዬ የገጹን ቁጥር እየተከተልኩ ደረደርኩት። ዶሜይንን ከዶሜይን፣ ኢንቨርስን ከኢንቨርስ። ከመጀመሪያው ጀምራ ሠራችው። ሁሉንም አገኘች። እኔም ሁሉንም ልክ ነሽ አልኳት። እትዬ ቁልፍ በሩ ላይ ቆማ ይቺ ልጅ አለፈላት፣ አንድ ቀን የልጅ ልጄን ታዋልድልኛለች አለች። ልጅቷ ሳቀችላት፣ እኔን ግን አላየችኝም።

የፈተናው ቀን ጠዋት ከግቢው አጥር ውጭ እንደ ሌላው ቤተሰብ ቆሜ ጠበቅኳት። ምን ብዬ እንደምጸልይ ግራ ገባኝ። ብርታት ስጣት ማለት ቀላል ነው። እኔ የፈለግሁት ግን አንድ ሰው አጠገቧ ቆሞ፣ ይሄኛው ኢንቨርስ ነው፣ ያኛው ዶሜይን ነው እንዲላት ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ጸሎት ይጸለያል? ፈታኝ ቢሰማኝ ኩረጃ ነው ይለኝ ነበር። የሆነው ሆኖ እሱኑ ጸለይኩ።

የማብቂያው ደወል ተደወለ። ከተፈታኙ መሀል ቀስ ብላ መጣችና፣ እንዴት ነበር ሳልላት፣ ክንዴን ይዛ መሄድ ጀመረች። ጥቂት እንደተራመድን ቆመች። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ።

አንድ ጥያቄ ነበር አለችኝ። ኤክስ ሲደመር አንድ፣ ለኤክስ ሲቀነስ ሁለት ይካፈላል፤ ግራፉ ከፍታው አራት ላይ ሲደርስ ኤክስ ስንት ነው ይላል። እሷ አራትን አስገባችበት፤ ሁለት ተኩል ወጣላት። ምርጫው ላይ ሁለት ተኩል ነበረ፤ ደስ ብሏት አከበበችው።

"አሁን በሩን ስወጣ ነው የገባኝ" አለች። "አራት የወጣው ነው። መልሱ ሦስት ነው፣ አይደል?"

መልስ የማይበት ወረቀት በእጄ አልነበረም። ሦስትን ራሴ አስገብቼ ሞከርኩት። ሦስትና አንድ አራት፤ ከሦስት ሁለት ሲቀነስ አንድ፤ አራት ለአንድ ያው አራት።

"ሦስት ነው" አልኳት። "ልክ ነሽ።"

ራሷን ነቀነቀች። ታክሲዎች እየጮሁ ያልፋሉ፣ ሰዉ እየገፋን ይሄዳል፣ እሷ ግን ከእግረኛው መንገድ ዳር ቆማ አንድ በአንድ እየመጣላት ነው። ይሄኛው ለካ ዶሜይን ነበር፣ ታችኛው ዜሮ እንዳይሆን ነው የፈለጉት። ያኛው ኮምፖዚሽን ነበር፣ ከውስጠኛው ነበር መጀመር የነበረብኝ። እያንዳንዱን በስሙ ትጠራለች፣ እያንዳንዱን ትፈታዋለች፣ እኔም እያንዳንዱን እሰማለሁ። ከእኔ በስተቀር የሚቀበላት አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ነጥብ መስጠት አልችልም።

ስትጨርስ እንባም አልነበራት።

"እትዬ ቁልፍ ከፊት ሆኖ ልብስ የሚቀበል ሰው እፈልጋለሁ ስትል ነበር አይደል?" አለችኝ።

አዎ አልኳት። 

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀበልኳትና መንገዱን ተያያዝነው። ማዞሪያው ጋ ስንደርስ ክንዴን ጨበጥ አድርጋ አስቆመችኝ፤ ሌላ ጥያቄ ትዝ ብሏት ነበር።