ኔሜስዮን እና አባ ቤሳሞን

የቄሣር ወታደሮች ከተማችን ገብተው ሁሉም ለጣዖት ዕጣን እንዲያጨስ ባዘዙ ጊዜ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሮጠው የበፍታ ነጋዴው ኔሜስዮን ነበር። ተራው እንዳያልፈው ሰው ሲገፈትር በዓይኔ አይቻለሁ። ጳጳሳችን አባ ቤሳሞን ግን እምቢ አሉ። ወታደሮቹም ቀኝ ዓይናቸውን አውጥተው መዳብ እንዲቆፍሩ ወደ በረሃ ሰደዷቸው።

ዘመኑ ተለወጠና አባ ቤሳሞን እያነከሱ ተመለሱ። ያ ኔሜስዮን ሽቶ ተርከፍክፎ፣ ያልወጣ እንባውን እየጠረገ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቃቸው።

«አባቴ፣ እኔም እኮ በልቤ አብሬዎት ነበርኩ!»

«እንግዲህ ጉድጓዱ ጨለማ ነበር፤ ሳላይህ ቀርቼ ይሆናል» አሉት።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ልቤ ራሰና «ያባርሩልን ይሄን አድርባይ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ታይሲያ፣ ባባርረው የት ይሂድ?» አሉኝ። «ከንስሐ ገቢዎች ጋር ከበሩ አጠገብ ይቁም።» እጁን ይዘው አስገቡት። ያን ቀን በእሳቸውም ተናደድኩ።

አባ ቤሳሞን ካረፉ በኋላ ኔሜስዮን መቃብራቸው ላይ የእብነ በረድ ቤተ ክርስቲያን አሠራ። በየዓመቱ በዓላቸው ሲከበር ድግስ ደግሶ፣ ከሩቅ ለመጡ እንግዶች «ከጻድቁ ጋር አብረን ነው የተሰቃየነው» ይላል። ሁሉን ያየው የከተማችን ሰው ደግሞ የተጠበሰ ዓሣውን እየጎረሰ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ይላል።

ጻድቁ ይቅር ብለውታል፤ እኔ ግን ጻድቅ አይደለሁም። በዓሉን ቤቴ ውስጥ ደረቅ ዳቦዬን በልቼ አከብራለሁ።