ዝናሽ ምግብ የተወችባቸው ቀናት

ባለቤቴ ንግሥት በሰኔ አረፈች። በተቀበረች በአራተኛው ቀን ዝናሽ መብላት አቆመች።

ዝናሽ የንግሥት እንሽላሊት ናት። ከክንድ ትንሽ ታጥራለች፤ መልኳ አሸዋ ይመስላል፤ አገጯ ሥር እሾሃማ ጺም አላት፤ ስትቆጣ ጺሟ ይጠቁራል። እዚህ አሜሪካ ሰው እንደ ድመት ቤቱ ያኖራታል። ንግሥት ኮለምበስ ከተማ ፖላሪስ የሚባል ሰፈር የቤት እንስሳት መሸጫ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ አንድ ደንበኛ መልሶ ያመጣትን ይዛ መጣች። «አንድ ሳምንት ብቻ» ብላኝ ሦስት ዓመት ሆነ። ስሟንም ያወጣችላት እሷ ናት፤ ልጅ ሳለች ጎረቤታቸው የነበረች፣ ስታኮርፍ ሁለት ቀን አንገቷን የማታዞር ሴትዮ ስም ነው። እኔ አንድም ቀን ነክቻት አላውቅም። መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ስነዳ ውዬ ስገባ ንግሥት «ዝናሽን ሰላም በላት» ትለኛለች። «እንደምን ዋልሽ» ብዬ አልፋለሁ።

ብሌንደን ታውንሺፕ የሚባለው ሰፈር ያለው አፓርታማችን ጠባብ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ታጣፊ ወንበሮች ሳሎኑን ሞሉት፤ የዝናሽ የመስተዋት ሣጥን ግን ጥግ ላይ እንዳለ ቀረ። ለቀስተኛው መጀመሪያ ፈርቷት ራቅ ብሎ ይቀመጥ ነበር። በኋላ ግን ሁሉም የሚያያት እሷን ሆነ። ከጠዋት እስከ ማታ በኋላ እግሯ ቆማ መስተዋቱን ትቧጥጣለች። ትወድቃለች፣ ተነሥታ እንደገና ትቧጥጣለች።

እትዬ ዓለም ሙሾ ያውቃሉ። ሐበሻ በሚበዛበት በክሊቭላንድ አቬኑ በኩል ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለሳቸው ነው። ዝናሽን ብዙ ካዩ በኋላ «እሷን እኮ ነው የምትፈልጋት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን አነሡ፤

«መስተዋት ትቧጥጣለች፣ ዝናሽ አልቻለችም፤
አፍ የላትም እንጂ፣ ሐዘን አላጣችም።»

ቤቱ በአንድ ጊዜ አነባ። እኔም ከቀብሩ ቀን ይልቅ ያን ጊዜ አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር ዝናሽ አጽናንታኝ ነበር። እኔን «እባክህ አንድ ጉርሻ» እያሉ ሲያስጨንቁኝ፣ ያ ቤት ውስጥ እንደ እኔ እህል ያስጠላው ሌላ ፍጥረት አለ ብዬ ነበር። እሷን ማንም አላስጨነቃትም። ቅጠሉ ሣጥኗ ውስጥ ሲጠወልግ «ተዉአት፣ ሐዘኗን ትጨርስ» አሉ። ተውናት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሊዮን መጣ። ከንግሥት ጋር ይሠራ የነበረ፣ እዚሁ ኮለምበስ ከሐበሻ ወላጆች ተወልዶ ያደገ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። አበባ ይዟል። እንደ ሌላው ሰው አንገቱን ደፍቶ አልተቀመጠም፤ ዝናሽን ሲያይ አበባውን ወንበር ላይ ጥሎ ወደሷ ሄደ። አውጥቶ ሆዷን በሁለት ጣቱ ዳበሰ።

«ጋሼ ወርቅነህ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የማትበላው?»

«ሰባት ቀን ሆናት። ሐዘን ላይ ናት።»

«ኖ፣ ጋሼ። ሳድ አይደለችም። ኤግስ አላት። እንቁላል። ብዙ።»

«ወንድ አጠገቧ ደርሶ አያውቅም» አልኩት።

«ወንድ አትፈልግም። እንደ ዶሮ በራሷ ትጥላለች።»

ጋሼ ወልደየሱስ፣ የንግሥት አጎት፣ ከወንበራቸው ሆነው «ያለ ባል? አሜሪካ ነዋ» አሉ። ጥቂት ሰው ሳቀ።

ሊዮን አልሳቀም። መስተዋቱን የምትቧጥጠው መቆፈሪያ አፈር ስላጣች እንደሆነ ነገረን። አፈር ካላገኘች እንቁላሉን ይዛው ትቆያለች፤ እዚያው ውስጧ ሲቀር ይገድላታል። «አስቀድሞ ማንም አላያትም?» አለ።

ሁላችንም ሳናያት የዋልንበት ሰዓት አልነበረም። «ሐዘን ላይ ነበረች» አልኩ ደግሜ፤ ይህን ጊዜ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። በሚያዝያ ለሐኪሙ የመለስኩት በዚሁ ድምፅ ነበር፤ «ጾም ላይ ነበረች።»

ሁዳዴ ሲገባ ንግሥት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ጀመረች። በኋላ እስከ አሥራ ሁለት። በኋላ ማዕዱ ቀርቦ «አላሰኘኝም» ትላለች። ቀሚሷ ሲሰፋባት አየሁ። ኮራሁባት እንጂ አልደነገጥኩም፤ ሥራ ቦታ ሳይቀር «የኔዋ ዘንድሮ በርትታለች» ብዬ አውርቻለሁ። በሰሞነ ሕማማት ስትወድቅ ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ እንደማትበላ ጠየቀኝ። መልሴ ያ ነበር። ምግብ ያስጠላት ሆዷ ውስጥ የነበረው ዕጢ እንጂ ጾም አልነበረም።

«ምንድን ነው የሚያስፈልጋት?» አልኩት ሊዮንን። ሳልቆም አልቀረሁም፤ ወንበሬ ወደቀ።

ትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን፣ አፈርና አሸዋ ገዝተን መጣን። አፈሩ ሲጨበጥ የሚይዝ፣ ግን የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። ሊዮን ሲያቦካ ጋሼ ወልደየሱስ ጥቂት ታግሰው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ዞር በል ልጄ። እኔ ጭቃ አቡክቼ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ።» እስከ ክርናቸው ገቡበት። «ገለባ ብቻ ነው የቀረው» አሉ። እኔ በጣቴ መሿለኪያ ጀመርኩላት። ከዚያ አንሥቼ አስገባኋት። በሦስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነበር። ሞቃለች፤ እንዳሰብኩት ሻካራ አልነበረችም።

ሣጥኑን በአንሶላ ሸፈንነው። ሊዮን ጩኸት ካለ፣ ሰው ካያት አትጥልም አለ። ለቀስተኛ ግን ገና ይመጣል። ያኔ እትዬ ዓለም፣ ቤት ሙሉ ሰው የሚያስለቅሱት ሴት፣ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። የሚመጣውን ሁሉ «ለቅሶህን እዚሁ ጨርሰህ ግባ» ይሉት ነበር። «ቤት ውስጥ ወላድ አለች።»

ሁለት ቀን ሰው በሹክሹክታ አጽናናኝ። ዝናሽ ትቆፍራለች፣ ትተዋለች፣ ሌላ ቦታ ትጀምራለች። እትዬ ዓለም አንሶላው አጠገብ ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለእንሽላሊት ማርያምን መጥራት ነውር መሆኑን ያውቃሉ፤ ስለዚህ እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንሶላውን ገለጥ ሳደርግ ከመሿለኪያው ጭንቅላቷ ብቻ ወጥቶ ታየ። ዓይኗ ተከድኗል። እስኪመሽ እንደዚያው ቆየች። ሃያ ሁለት ጣለች። ስትጨርስ አፈሩን መልሳ በአፍንጫዋ እየጠቀጠቀች ደለደለችው። ሆዷ ባዶ ከረጢት ሆኖ ነበር።

ለብ ባለ ውኃ ሳጥባት ሊዮን እንቁላሎቹን አወጣ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ከባቄላ ከፍ የሚሉ ናቸው።

«አንድ እንኳ አይፈለፈልም?»

«አንድም፣ ጋሼ። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ።»

ወደ አፈሩ ስመልሳት ያንን ቦታ ቆፈረችው። ስታጣ ጎኑን ቆፈረች። ሊዮን አንድ ሁለት ቀን ነው፣ ከዚያ ትተወዋለች አለኝ። እውነቱን ነው፤ በሦስተኛው ቀን የሚያሞቃት መብራት ሥር ወጥታ ተኛች። አንድ ትል ሳቀርብላት ከጣቴ ላይ ነጠቀችው። ሰባት በላች። እትዬ ዓለም እልል ሊሉ ነበር፤ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናድጄ ነበር። ያዳናት ቁና አፈርና አንድ «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። ንግሥት ፊት ለፊት ሃምሳ ቀን ያህል ማዕድ ላይ ተቀምጫለሁ።

ለቀስተኛው መምጣት ካቆመ ሰነበተ። ዝናሽ ደኅና ናት። ጠዋት ጠዋት ቅጠል አቀርብላታለሁ። አንዳንድ ቀን ፊቷን ታዞራለች፤ ልማዷ ነው፣ አያሳስብም ብሎኛል ሊዮን። እኔ ግን ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። «ምን ሆነሽ ነው? የቱ ጋ ነው?» እላታለሁ። ሥራ ይረፍድብኛል፤ ሱፐርቫይዘሬ ሁለቴ ደውሎልኛል። እስክትቀምስ አልነሣም።