ያልሸጣችሁ ወደ ፊት

ጎረቤቷ አናጢው አስቀድሞ ነግሯት ነበር። «እህቴ፣ እዚያ የወላጆች ስብሰባ ላይ እጅሽን እንዳታወጪ። እኔ አምና ስለ ሽንት ቤቱ በር አስተያየት ሰጠሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ የትምህርት ቤቱን በር ሁሉ በነጻ የምጠግነው እኔ ነኝ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ተኳሿ ሳቀች። ሰፈርተኛው «ተኳሿ» የሚላት ላውንደሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ሸሚዝ ስለምትተኩስ ነው እንጂ፣ እሷስ እንኳን ጠመንጃ ልትይዝ ዝንብ እሽ ስትል ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት ናት። ዘንድሮ ግን ዝም ማለት አልቻለችም። ነገሩ የልጅ ነገር ነው።

ትምህርት ቤቱ ለቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ገቢ አሰባስባለሁ ብሎ ለተማሪው ሁሉ በየሳምንቱ በከረጢት ሳሙና ያድላል። ተማሪው ሸጦ ገንዘቡን ያመጣል። ይህን ያሰበ ሰው አንድ ነገር ዘንግቷል፤ በሰፈሩ ተማሪ የሌለበት ቤት የለም። መንደሩ በሙሉ ሳሙና ሻጭ ሆነና ገዢ ጠፋ። የመጀመሪያውን ከረጢት ተኳሿ ራሷ ገዛችው። የሚቀጥለውን ለአሠሪዋ ወስዳ ብትለምን፣ «ይኼ እኮ ለእጅ እንጂ ለልብስ አይሆንም» ተባለች። ከዚያ ወዲህ የመጣው አልጋ ሥር ተቀምጧል።

ያልሸጡ ልጆች ደግሞ ሰኞ ሰኞ በሰልፍ ላይ ይጠራሉ። ዳይሬክተሩ አይሳደብም፣ አይማታም። «ያልሸጣችሁ ወደ ፊት» ይልና ተማሪው ሁሉ አይቶ እስኪጠግባቸው ድረስ ያቆማቸዋል፤ በቃ። ይህ «በቃ» የተባለው ነገር ነው ሚጣን ያሳመማት። ሚጣ የተኳሿ አንድ ልጇ ናት፤ ከዓይናፋርነቷ የተነሳ እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ ውስጥ የምትገባ ልጅ። ሰኞ ጠዋት በደረሰ ቁጥር የበላችውን ታስመልሳለች። ከስብሰባው በፊት በነበረው እሁድ የብርድ ልብሱን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ «እማዬ፣ ነገ አሟታል በይልኝ» ስትላት እናትየዋ በስብሰባው ልትናገር ቆረጠች።

በስብሰባው ዕለት የአዳራሹ በር ላይ «የወላጆች ተሳትፎ የገቢያችን መሠረት ነው፤ አስተያየትዎን ያለ ፍርሃት ይስጡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወላጅ በላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ አንደበቱ ማር ነው። «እኛ የእናንተ አገልጋዮች ነን። ውቀሱን! ገሥጹን!» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ወላጁ ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል።

ተኳሿ እጇን አወጣች። አናጢው ከጎኗ ሆኖ ነጠላዋን ጎተተ፤ እሷ ግን ተነሳች።

«እኔ... ልጆቹ ፊት ወጥተው መቆማቸው ቢቀር ለማለት ነው። ወላጅ ተማክሮበት ሌላ መላ ቢፈለግ። ልጄ እየታመመችብኝ ነው።»

የዳይሬክተሩ ዓይን እንባ ያቀረረ መሰለ።

«ይህ ነው!» አለ። «ስንጠብቅ የኖርነው እንዲህ የሚቆረቆር ወላጅ ነው። እኚህ እናት የገቢ ማሰባሰቢያ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ እንዲሆኑ እጠቁማለሁ። ድጋፋችሁን በጭብጨባ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሰው ከልቡ ነው ያጨበጨበው፤ ዕዳው እሱ ላይ አልወደቀማ። «እኔ እኮ ሥራ አለብኝ፣ እኔ እኮ...» አለች፤ የሰማት የለም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። አናጢው ብቻ እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

ሰው ሲበተን ዳይሬክተሩ ቢሮው አስገብቶ ወንበር ሳበላት።

«ሰኞ ሰልፉን የሚመሩልን እርስዎ ነዎት። ከወላጅ አፍ ሲወጣ ልጆቹም በደስታ ይቀበሉታል።»

«እኔ እኮ ይቅር ነው ያልኩት!»

«አስተያየትዎን ይዘነዋል። ኮሚቴው ይወያይበታል፤ እስከዚያ አሠራሩ ይቀጥላል።»

«ኮሚቴው እነማን ናቸው?»

«ለጊዜው እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው እኔ ይቅር ብያለሁ።»

ዳይሬክተሩ በሀዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «ብቻዎን ሆነው ምልዓተ ጉባኤ እንዴት ይሞላል?» ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ የእርስዎ ልጅ ከእንግዲህ ወደ ፊት አትወጣም። የሰብሳቢ ልጅ እዚያ ቆማ መታየቷ ለእኛም ያሳፍረናል።»

እምቢ ልትል የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ያን ጊዜ ደስ አላት። እጇን ያወጣችው ለዚሁ አልነበረም? እምቢ ብትል ሚጣ ትቆማለች፤ እሺ ብትል የሰው ልጆች ታቆማለች። እጅ ከወርች ታስራ ከቢሮው ወጣች፤ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ፣ አመስግናም ጭምር።

ሰኞ ጠዋት ሚጣ ቁርሷን ጥርግ አድርጋ በላች። አላስመለሳትም። እንዲያውም ጫማዋን እያሰረች ታንጎራጉር ነበር። ተኳሿ ይህን ስታይ፣ «ለኔ ይኼ ይበቃኛል፤ ሌላው የራሱን ልጅ ያስብ» አለች በሆዷ። አለች እንጂ፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ድረስ የልጇን እጅ በላብ አራሰችው።

ከመድረኩ ላይ ሲታይ ግቢው ሰፊ ነው። ተማሪው በየክፍሉ ተሰልፏል። ልጆቻቸውን ያደረሱ ወላጆች በአጥሩ ብረት ተደግፈው ይመለከታሉ፤ አናጢውም መካከላቸው አለ። ዳይሬክተሩ ማይኩን አስጨበጣትና ከኋላዋ ቆመ።

«ያልሸጣችሁ ወደ ፊት» አለች።

ድምፅ ማጉያው ቃሏን አጉልቶ ሲመልስላት የሌላ ሰው መሰላት። ልጆቹ አንድ አንድ እያሉ ወጡ። የአናጢው መንትዮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። ከመንትዮቹ ኋላ ሚጣ ወጣች። የጠራት የለም፤ የገፋትም የለም። መጥታ፣ ሰኞ ሰኞ ከምትቆምበት ከመንትዮቹ ጎን ቆመች።

ተኳሿ ማይኩን ከአፏ ያራቀች መስሏት ጎንበስ ብላ፣ «አንቺ ተመለሺ! አንቺን አይመለከትሽም ብዬሽ የለ?» አለች በሹክሹክታ።

ሹክሹክታዋን ግቢው በሙሉ ሰማው። አጥሩ ላይ የተደገፉትም ሰሙት።

«እነሱስ፣ እማዬ?» አለች ሚጣ።

ተኳሿ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ዞር ብላ ማይኩን ለዳይሬክተሩ ዘረጋችለት፤ እሱ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ይቀጥሉ፣ ሰብሳቢያችን» አላት በትሕትና። ከጎኗ ለቆመችው መምህርት ዘረጋችላት፤ መምህርቷ አንድ እርምጃ አፈገፈገች። ወደ አጥሩ አየች። አናጢው መንትዮቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ። ማይኩን የሚቀበላት ሰው ጠፋ።

እንግዲህ ምን ቀራት? ልታድናት ያለችው ልጅ እንደሆነች በገዛ እግሯ መጥታ ቆማለች። የሚሸሸግ ነገር የለም።

«ሁላችሁም ግቡ ልጆቼ» አለች። «ማንም ልጅ አይቆምም። ጥፋቱ የናንተ አይደለም። ወደ ሰልፋችሁ ተመለሱ።»

አንድም ልጅ አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም እሷን ትተው፣ ከኋላዋ የቆመውን ዳይሬክተር ያዩ ነበር። ሚጣም የምታየው እሱን ነበር።